ነቢዩ ኤርምያስ፤ የማይወደድ መልእክት የተሸከመ መልእክተኛ



እግዚአብሔር የፈጠረውን ዓለም የሚጠብቅበትና የሚመራበት ጥበብ በቤተ ክርስቲያናችን አነጋገር መግቦት ይባላል። ስለ መግቦት ስንነጋገር ብዙ ጊዜ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው ፀሐይ በጊዜዋ መውጣቷ፥ ዝናም በወራቱ መዝነሙ፥ ወፎችም ምግባቸውን ማግኘታቸው ነው። ቅዱሳት መጻሕፍትን ስናገላብጥ ግን ሌላም መንገድ እናገኛለን። እግዚአብሔር ሰውን ሊያድን፥ ሊገሥጽ ወይም ሊያጽናና ሲወድ አብዛኛውን ጊዜ መልእክተኛ ይልካል። ለአጋር በምድረ በዳ መልአክ ተላከላት፤ ወደ ፈርዖን ሙሴ፥ ወደ ዳዊት ናታን፥ ወደ አክዓብ ኤልያስ፥ ወደ ነነዌ ዮናስ ተላኩ፤ ወደ እመቤታችን ገብርኤል፥ ወደ አሕዛብም ጳውሎስ ተላከ።

ቋንቋችንም ራሱ ይህንን ያስተምረናል። በግእዝ ለአከ ማለት ላከ ማለት ነው። መልእክት፥ መልእክተኛ፥ ልኡክ፥ መልአክ የምንላቸው ቃላት ሁሉ ከዚህ ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። በዕብራይስጥም እንደዚሁ ከሰማይ የመጣው መልአክና ንጉሥ የላከው ሰው በአንድ ቃል ይጠራሉ። ነቢዩ ሐጌ የእግዚአብሔር መልእክተኛ ተብሏል፤ ሚልክያስ የሚለውም ስም መልእክተኛዬ ማለት ነው። ሐዋርያ የሚለው የግእዝ ቃል ደግሞ ሖረ፥ ማለት ሄደ፥ ከሚለው የተገኘ ነው። እንግዲህ መልአክም ነቢይም ሐዋርያም በአንድ ነገር ይገናኛሉ፤ ይኸውም ሦስቱም የሚናገሩት የላካቸውን የእርሱን ቃል መሆኑ ነው።

ከእነዚህ መልእክተኞች መካከል በዚህ ጽሑፍ የነቢዩ ኤርምያስን ሕይወት እንመለከታለን። እርሱን የመረጥንበት ምክንያት አለን። አንደኛ፥ ከነቢያት መካከል ስለ ኑሮው፥ ስለ ኀዘኑና ስለ እስራቱ እንደ እርሱ ብዙ የተጻፈለት የለም ለማለት ይቻላል። ሁለተኛ፥ በዘመኑ እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር የሚናገሩ ሰዎች ሁሉም በእግዚአብሔር ስም ይናገሩ ስለ ነበር፥ እውነተኛው መልእክተኛ በምን ይታወቃል የሚለውን ጥያቄ እንድንመረምር ይረዳናል። ሦስተኛ፥ መልእክተኛው ራሱ በሌሎች ሰዎች እጅ እንዴት እንደ ተጠበቀ ያሳየናል። ከእነዚህም ሰዎች አንዱ ኢትዮጵያዊ ነው።

ትውልዱና ጥሪው

ኤርምያስ ከኢየሩሳሌም በስተ ሰሜን ምሥራቅ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በዓናቶት ከካህናት ወገን ተወለደ። አባቱ ኬልቅያስ ይባላል። ዓናቶት ቀደም ሲል ንጉሡ ሰሎሞን ካህኑን አብያታርን ከክህነት ሥራው አውጥቶ የላከባት መንደር ናት። ነቢዩ የተጠራው ንጉሡ ኢዮስያስ በነገሠ በ13ኛው ዓመት፥ ቅድመ ልደተ ክርስቶስ (ቅ.ል.ክ.) በ627 ገደማ ነው።

ሲጠራ ገና ወጣት ነበር። ልጅነቱንና መናገር አለመቻሉን ምክንያት አድርጎ ሊያመልጥ ሞክሯል። እግዚአብሔር ግን ከመወለዱ አስቀድሞ እንዳወቀው፥ ወደ አሕዛብም እንደሚልከው ነገረው፤ አፉንም ዳሰሰው። ከዚያም ሁለት ነገሮች በራእይ ታዩት። አንደኛው የለውዝ በትር ነው። በዕብራይስጥ ለውዝ የሚለውና ነቅቶ የሚጠብቅ የሚለው ቃል በድምፅ ይቀራረባሉ፤ ስለዚህ ራእዩ እግዚአብሔር የተናገረው ቃል እስኪፈጸም ድረስ ነቅቶ እንደሚጠብቅ የሚያስረዳ ነበር። ሁለተኛው ከሰሜን በኩል የሚፈላ ማሰሮ ነው፤ ይህም ከሰሜን የሚመጣውን ጦር ያመለክታል።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። ቃሉን የሚያደርሰው ኤርምያስ ነው፤ ቃሉ እንዲፈጸም የሚተጋው ግን ላኪው ነው። መልእክተኛው ሕዝቡን አሳምኖ እንዲመለስ አልታዘዘም፤ እንዲናገር ብቻ ታዘዘ። ነቢዩ 40 ዓመት ያህል ተናግሮ የሰሙት ጥቂቶች ስለ ሆኑ፥ ይህንን ካልያዝን ኑሮው ሁሉ ከንቱ ድካም ሊመስለን ይችላል።

ጥሪው ከኑሮው ብዙ ነገር ወሰደበት። ሚስት እንዳያገባና ልጆች እንዳይወልድ ታዘዘ። ወደ ለቅሶ ቤትም ሆነ ወደ ግብዣ ቤት እንዳይገባ ተከለከለ። በእኛ አገር ለቅሶ የማይደርስና ሰርግ የማይሄድ ሰው በሰፈሩ ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን። ነቢዩ ይህንን ሁሉ የተቀበለው ኑሮው ራሱ መልእክት እንዲሆን ነው፤ በአገሪቱ ላይ የሚመጣው መከራ አልቃሽና ቀባሪ የማይገኝበት መሆኑን በራሱ ብቸኝነት ያሳይ ነበር። የገዛ መንደሩ የዓናቶት ሰዎችም ሊገድሉት ተማከሩበት።

በመቅደሱ አደባባይ

በአገራችን ባህል መርዶ የሚነገረው በብዙ ጥንቃቄ ነው። ሽማግሌዎች ይመረጣሉ፤ ማለዳ ይኬዳል፤ አንዳንዴም በመጀመሪያ ታሟል ተብሎ ልብ እንዲዘጋጅ ይደረጋል። መርዶ ነጋሪ ለመሆን የሚሽቀዳደም ሰው የለም። ኤርምያስ የአንድ አገር መርዶ ነጋሪ ነበረ፤ ነገሩን እንዲያለዝበው ግን አልተፈቀደለትም። ከታዘዘው ቃል አንዲት እንኳ እንዳያጎድል ታዟል።

መልካሙ ንጉሥ ኢዮስያስ በ609 ቅ.ል.ክ. ከግብፁ ንጉሥ ከኒካዑ ጋር በመጊዶ ተዋግቶ ሞተ። ከጥቂት ወራት በኋላ ልጁ ኢዮአቄም በግብጽ ፈቃድ ነገሠ። በዚህ ንጉሥ መጀመሪያ ዘመን ኤርምያስ በመቅደሱ አደባባይ ቆሞ ሕዝቡ ከክፉ ሥራው ካልተመለሰ ያ ቤት እንደ ሴሎ እንደሚሆን ተናገረ። ሴሎ የቃል ኪዳኑ ታቦት ቀድሞ የነበረባት፥ በኋላም የፈረሰች ስፍራ ናት። ሕዝቡ መቅደሱ በመካከላቸው እስካለ ድረስ ምንም አይነካንም ብለው ያምኑ ስለ ነበር ይህ ቃል እንደ ክህደት ተቆጠረ። ካህናቱና ነቢያቱ ያዙት፤ ሞትም ይገባዋል አሉ።

የይሁዳ አለቆች በአዲሱ በር ተቀምጠው ነገሩን ሰሙ። የኤርምያስ መከላከያ አጭር ነበር። በእጃቸው መሆኑንና እንደ ወደዱ ሊያደርጉት እንደሚችሉ፥ ነገር ግን በእውነት የተላከ ስለ ሆነ ቢገድሉት ንጹሕ ደም በራሳቸው ላይ እንደሚያመጡ ነገራቸው። ሕይወቱን ለማትረፍ ሲል ከመልእክቱ ምንም አልቀነሰም። ከሽማግሌዎቹ አንዳንዶቹ በሕዝቅያስ ዘመን ሚክያስ ተመሳሳይ ቃል መናገሩንና ንጉሡ ስለ ሰማው አገር መዳኑን አስታወሱ። በመጨረሻም የሳፋን ልጅ አኪቃም ከለላ ስለ ሆነው ከሞት ተረፈ።

በዚያው ዘመን ግን ኦርዮ የሚባል ሌላ ነቢይ ያንኑ ቃል ተናግሮ ነበር። እርሱ ፈርቶ ወደ ግብጽ ሸሸ፤ ንጉሡም ኤልናታን የተባለውን ሹም ልኮ አስመጣውና በሰይፍ ገደለው። አንድ ዓይነት መልእክት የያዙ ሁለት መልእክተኞች፥ አንዱ ተረፈ፤ አንዱ ሞተ። መጽሐፉ ምክንያቱን አያብራራልንም። መግቦትን መልእክተኛ ሁሉ በሥጋው ሳይነካ የሚወጣበት ዋስትና አድርገን ማሰብ እንደማይገባን ግን ከዚህ እንረዳለን።

ኤርምያስም ቢሆን አልተደላደለም። የመቅደሱ ሹም ጳስኮር መትቶ በእግር ግንድ አሰረው። በዚያን ጊዜ ነቢዩ እጅግ ከማዘኑ የተነሣ የተወለደበትን ቀን እስከ መርገም ደረሰ፤ ዳግመኛም በእግዚአብሔር ስም ላለመናገር አሰበ። ነገር ግን ዝም ለማለት በሞከረ ጊዜ ቃሉ በአጥንቱ ውስጥ እንደ እሳት ሆነበት፤ መታገሥም አልቻለም። የነቢዩ ብርታት ከዚህ ላይ ይታያል። ደፋር ሆኖ የተፈጠረ ሰው አልነበረም፤ እያለቀሰ የታዘዘ ሰው ነበር።

ንጉሥ ያቃጠለው መጽሐፍ

በ605 ቅ.ል.ክ. ናቡከደነፆር የግብጽን ሠራዊት በከርከሚሽ ድል ነሣ። ከሰሜን ይመጣል የተባለው ኃይል ማን እንደ ሆነ ያን ጊዜ ግልጽ ሆነ። በዚያው ዓመት ኤርምያስ እስከዚያ የተናገረውን ሁሉ እንዲያስጽፍ ታዘዘ። ወደ መቅደስ እንዳይገባ ተከልክሎ ስለ ነበር ሌላ መልእክተኛ አስፈለገው፤ ይህም የኔርያ ልጅ ባሮክ ነው። ባሮክ ከነቢዩ አፍ እየሰማ በቀለም ጻፈ፤ በተከታዩ ዓመት በዘጠነኛው ወር ጾም በታወጀበት ቀንም በመቅደስ በሳፋን ልጅ በገማርያ ጓዳ ሆኖ ለሕዝቡ አነበበ።

የገማርያ ልጅ ሚክያስ ሰምቶ ለአለቆቹ ነገራቸው። አለቆቹም ባሮክን አስጠርተው አስነበቡት፤ ፈሩም። ባሮክና ኤርምያስ እንዲሸሸጉ መክረው ለንጉሡ አስታወቁ። ወራቱ ብርድ ስለ ነበር ኢዮአቄም በክረምት ቤቱ ምድጃ አስነድዶ ተቀምጧል። ይሁዲ የተባለው ሰው ሦስት አራት ዓምድ ባነበበ ቁጥር ንጉሡ በጸሐፊ ካራ እየቆረጠ ወደ እሳቱ ጣለው፤ መጽሐፉ ሁሉ እስኪያልቅም ድረስ እንዲሁ አደረገ። እንዳያቃጥል ከለመኑት ሦስት ሰዎች አንዱ ኤልናታን ነው፤ ይህ ነቢዩን ኦርዮን ከግብጽ ለሞት ያመጣው ያው ሹም ነው። ሰው በአንድ ወቅት ባደረገው ክፋት ብቻ ተወስኖ እንደማይቀር ከዚህ እናያለን።

ንጉሡ መልእክተኞቹን ሊያስይዝ ቢልክም አልተገኙም። ኤርምያስ ሌላ ክርታስ ወሰደ፤ ባሮክም የተቃጠለውን ሁሉ እንደገና ጻፈው፤ ብዙም ተጨመረበት። የኢዮአቄም እሳት መጽሐፉን አስረዘመው እንጂ አላጠፋውም።

ስለ ባሮክ አንድ ነገር ሳንል አናልፍም፤ በተለይ እኛን ተማሪዎችን ይነካናልና። ባሮክ የተማረ ሰው ነው። ወንድሙ ሠራያ በቤተ መንግሥት ሹመት ነበረው። በዚያ ዘመን መጻፍና ማንበብ የሚያውቅ፥ ዘመድም ያለው ወጣት ትልቅ ቦታ ቢመኝ አያስደንቅም። እርሱ ግን የሚፈለግ ሰው ጸሐፊ ሆኖ መሸሸግ ዕጣው ሆነ። ድካሙንና ኀዘኑን በተናገረ ጊዜ የተላከለት ቃል ለራሱ ታላቅ ነገር እንዳይሻ የሚመክር ነበር፤ በሚሄድበት ሁሉ ነፍሱ እንደምትጠበቅለት ብቻ ተስፋ ተሰጠው። ይህ መራራ ምክር ይመስላል። ሆኖም በዚያ ዘመን ታላቅ ቦታ የያዙት አብዛኞቹ ከነቦታቸው ጠፍተዋል፤ የባሮክ ጽሑፍ ግን እስከ እኛ ደርሷል።

ሁለት መልእክተኞች በአንድ ስም

በ597 ቅ.ል.ክ. ናቡከደነፆር ኢየሩሳሌምን ያዘ። ይህ በባቢሎናውያን የዘመን መዝገብ በሸክላ ጽላት ላይም ተጽፎ ተገኝቷል። ወጣቱ ንጉሥ ዮአኪን፥ ሹማምንቱና የእጅ ባለሙያዎቹ ወደ ባቢሎን ተማረኩ፤ ሴዴቅያስም በኢየሩሳሌም እንዲነግሥ ተደረገ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኤርምያስ በአንገቱ የእንጨት ቀንበር አድርጎ መጣ፤ ለባቢሎን መገዛት የማይቀር መሆኑን ለማስረዳት ነው። በዚያን ጊዜ ገባዖናዊው ሐናንያ በካህናትና በሕዝብ ሁሉ ፊት ተነሥቶ የባቢሎን ቀንበር እንደ ተሰበረ፥ በሁለት ዓመት ውስጥም ምርኮኞቹና የመቅደሱ ዕቃ እንደሚመለሱ ተናገረ። ሐናንያም እንደ ኤርምያስ በእግዚአብሔር ስም ነበር የሚናገረው። ቆሞ የሚሰማው ሰው ማንን ይመን? አንዱ ሁሉም ሊሰማው የሚወደውን ይናገራል፤ ሌላው ማንም የማይወደውን ይናገራል።

የኤርምያስ መልስ ያስደንቃል። አልተቆጣም፤ አልተሳደበም። የሐናንያ ቃል እውነት ቢሆን እንደሚወድ ተናገረ። ሕዝቡን ይወድ ስለ ነበር የራሱ መልእክት ሐሰት ሆኖ ቢገኝ ደስ ይለው ነበር። ቀጥሎም ስለ ሰላም የሚናገር ነቢይ እውነተኛነቱ ቃሉ በተፈጸመ ጊዜ እንደሚታወቅ አስታወሰ። ሐናንያ ቀንበሩን ከአንገቱ ወስዶ ሲሰብረው እንኳ ኤርምያስ ምንም ሳይናገር መንገዱን ሄደ። ለዚያች ሰዓት የሚመልሰው ቃል ገና አልተሰጠውም ነበርና ከራሱ አልፈጠረም። በኋላ ቃል ሲመጣለት ተመለሰ፤ በእንጨቱ ቀንበር ፋንታ የብረት ቀንበር መደረጉን፥ ሐናንያም በዚያው ዓመት እንደሚሞት ነገረው። ሐናንያ በሰባተኛው ወር ሞተ። አባቶቻችን እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚሉት እንዲህ ያለውን ነገር ነው።

በባቢሎን ለነበሩት ምርኮኞችም ኤርምያስ ደብዳቤ ላከላቸው። ያደረሱት የሳፋን ልጅ ኤልዓሣና ገማርያ የሚባል የኬልቅያስ ልጅ ናቸው፤ ሴዴቅያስ ወደ ናቡከደነፆር የላካቸው መልእክተኞች ነበሩ። የንጉሥ ጉዳይ ይዘው የሚሄዱ ሰዎች የእግዚአብሔርንም ቃል ይዘው ሄዱ ማለት ነው። ደብዳቤው ቤት እንዲሠሩ፥ አትክልት እንዲተክሉ፥ ልጆቻቸውን እንዲድሩ፥ ለማረከቻቸውም ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ ይመክራል፤ የሚመለሱትም ከ70 ዓመት በኋላ መሆኑን ይገልጣል። በቅርብ እንመለሳለን ብሎ ሻንጣውን ሳይፈታ ለሚቀመጥ ስደተኛ ይህ ከባድ ቃል ነው። ነገር ግን ያ ሕዝብ በባዕድ አገር ሳይጠፋ የቆየው እንዲህ ያለውን ምክር ይዞ ነው።

ጉድጓዱና ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ

ሴዴቅያስ በባቢሎን ላይ ዐመፀ፤ የናቡከደነፆርም ሠራዊት ከተማይቱን ከበበ። በዚያን ጊዜ ከተመሸጉት የይሁዳ ከተሞች ለኪሶና ዓዜቃ ብቻ ቀርተው እንደ ነበር መጽሐፉ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1935 በለኪሶ በር ፍርስራሽ ውስጥ በሸክላ ስብርባሪ ላይ የተጻፉ የወታደሮች ደብዳቤዎች ተገኝተዋል፤ በአንዱ ላይ የእነዚህ የሁለቱ ከተሞች ስም በአንድነት ይነበባል።

ኤርምያስ እጃቸውን ለባቢሎን የሚሰጡ በሕይወት እንደሚተርፉ መናገሩን አላቋረጠም። ወደ ብንያም አገር ሊሄድ ሲወጣ ከድቶ ወደ ጠላት ሊገባ ነው ተብሎ በበሩ ተያዘ፤ ተደበደበ፤ ታሰረ። ቀጥሎም ንጉሡ በምሥጢር አስጠርቶ ከእግዚአብሔር ዘንድ ቃል መኖሩን ጠየቀው። ነቢዩ ከእስር ለመፈታት ሲል የሚያስደስት ቃል አልፈለገም። በንጉሡ ትእዛዝ ወደ ግዞት ቤቱ አደባባይ ተዛወረ፤ በየቀኑም አንድ እንጀራ ይሰጠው ነበር። ከተማይቱ ልትጠፋ በተቃረበችበት በዚህ ወቅት ከአጎቱ ልጅ ከአናምኤል በዓናቶት ያለውን መሬት በ17 ሰቅል ብር ገዛ፤ ውሉንም ባሮክ በሸክላ ዕቃ አኖረው። ጥፋትን ሲናገር የኖረው መልእክተኛ በምድሪቱ እንደገና ቤትና እርሻ እንደሚገዛ በገዛ ገንዘቡ መሰከረ።

አራት አለቆች ግን የወታደሩን ልብ ያደክማል ብለው ሞቱን ፈለጉ። ከእነርሱ አንዱ ዮካል ቀደም ሲል ንጉሡ ጸሎት እንዲጠይቅለት ወደ ነቢዩ ልኮት የነበረ ነው። ሴዴቅያስ ሊቃወማቸው አልደፈረም። ኤርምያስን ውኃ በሌለበት፥ ጭቃ በሞላበት ጉድጓድ በገመድ አወረዱት፤ በጭቃውም ውስጥ ገባ።

እዚህ ላይ ከሰማይ መልአክ ይወርዳል ብለን ብንጠብቅ አይፈረድብንም። የመጣው ግን በቤተ መንግሥት የሚያገለግል አንድ ጃንደረባ፥ ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ነው። ዕብራይስጡ ኩሻዊ ይለዋል፤ ይህም ከግብጽ በስተ ደቡብ ያለውን አገር ሰው የሚያመለክት ነው። አቤሜሌክ ንጉሡ በብንያም በር ተቀምጦ ሳለ በአደባባይ ቀርቦ የተደረገው ነገር ክፉ መሆኑን፥ ነቢዩም በረሃብ እንደሚሞት ነገረው። የአገሩ ተወላጆች ዝም ባሉበት ጊዜ መጻተኛው ተናገረ። ንጉሡም 30 ሰዎች ይዞ እንዲያወጣው ፈቀደለት።

አቤሜሌክ ወደ ጉድጓዱ ከመሄዱ በፊት ወደ ግምጃ ቤቱ ሄዶ ያረጀ ጨርቅና እራፊ ፈለገ። በገመድ አወረደለትና ገመዱ እንዳይቆርጠው በብብቱ ሥር እንዲያደርገው ነገረው። እንዲህ ጎትተው አወጡት። ይህች የእራፊ ነገር በመጽሐፍ መጻፏ ያለ ምክንያት አይመስለንም። ሰውን ከሞት ማውጣት አንድ ነገር ነው፤ ሲወጣ ብብቱ እንዳይላጥ ማሰብ ደግሞ ሌላ ነው። የእግዚአብሔር መግቦት ለነቢዩ የደረሰው በአንድ ደግ ሰው ጥንቃቄና ሌላው በጣለው ጨርቅ በኩል ነበር። ኤርምያስም ከዚያው ከግዞት ቤት ሆኖ አቤሜሌክ በከተማይቱ መውደቅ ቀን በሰይፍ እንደማይወድቅ የሚናገር መልእክት ተሰጠው። ያዳነው ሰው አሁን በተራው ቃል ተላከለት።

በቤተ ክርስቲያናችን መጻሕፍት ዘንድ አቤሜሌክ በተረፈ ባሮክም ይታወቃል። በዚያ እንደ ተጻፈው፥ የከተማይቱን ጥፋት እንዳያይ በለስ ሊያመጣ ተልኮ በዛፍ ጥላ ሥር 66 ዓመት አንቀላፋ፤ ሲነቃም በለሱ አልደረቀም ነበር። ባሮክ በባቢሎን ላለው ለኤርምያስ የጻፈውን ደብዳቤ ያደረሰውም ንስር ነው። ይህ መጽሐፍ ፍጥረትም ሳይቀር መልእክተኛ እንደሚሆን ያሳየናል።

የሚያሳድዱትና የሚጠብቁት ሰዎች ስም ከመሬት ውስጥም ወጥቷል። በጥንታዊቷ ኢየሩሳሌም ቁፋሮ ማኅተም የታተመባቸው ትንንሽ የጭቃ ቁራጮች ተገኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 የሰሌምያ ልጅ የዮካል፥ በ2008 የጳስኮር ልጅ የጎዶልያስ ስም ያለባቸው ተገኙ፤ እነዚህ ወደ ጉድጓድ ካወረዱት ከአራቱ የሁለቱ ስሞች ናቸው። ከእነርሱ ቀደም ብሎ ደግሞ የሳፋን ልጅ የገማርያ ስም ያለበት ተገኝቷል።

አሥር ቀን የጠበቀ ነቢይ

ከተማይቱ በ586 ቅ.ል.ክ. ወደቀች፤ 587 የሚሉም ሊቃውንት አሉ። ሴዴቅያስ ሲሸሽ በኢያሪኮ ሜዳ ተያዘ፤ ልጆቹን በፊቱ ገደሏቸው፤ የእርሱንም ዓይን አወጡ። መቅደሱና የንጉሡ ቤት ተቃጠሉ። የባቢሎን የዘበኞች አለቃ ናቡዘረዳን ኤርምያስን ከሰንሰለት ፈትቶ ወደ ባቢሎን ሄዶ በክብር መኖር ወይም በአገሩ መቅረት እንደሚችል ነገረው። ነቢዩ ከቀሩት ድኾች ጋር መኖርን መረጠ። አገረ ገዥ ሆኖ የተሾመው የአኪቃም ልጅ ጎዶልያስ ነው፤ የሳፋን ቤት አሁንም ለሦስተኛ ትውልድ ጠባቂው ሆነ። ነገር ግን ጎዶልያስ ብዙ ሳይቆይ በእስማኤል እጅ ተገደለ።

የቀሩት ሰዎች ከባቢሎን በቀል ፈርተው ወደ ግብጽ ሊሸሹ አሰቡ። ቢሆንም ወደ ኤርምያስ መጥተው እግዚአብሔርን እንዲጠይቅላቸው ለመኑት፤ የሚመጣው ቃል መልካምም ቢሆን ክፉም ቢሆን ሊታዘዙ ማሉ። ነቢዩ ጸለየ፤ መልስም ሳይመጣለት አሥር ቀን ቆየ። ሕዝቡ ተጨንቋል፤ ጠላት ሊደርስ ይችላል፤ ነቢዩም የ40 ዓመት ልምድ አለው። መልሱን ከራሱ ሊገምት ይችል ነበር። እርሱ ግን ጠበቀ። በአሥረኛው ቀን ቃል መጣለት፤ በምድሪቱ እንዲቀሩ፥ እንዳይፈሩም ነገራቸው። እነርሱም ሐሰት ነው፤ ባሮክ ነው ያነሣሣህ ብለው መሐላቸውን አፈረሱ። ኤርምያስንና ባሮክንም ይዘው በግብጽ ወደምትገኘው ወደ ጣፍናስ ሄዱ። ነቢዩ በዚያም መናገሩን አልተወም። የዕብራይስጡ መጽሐፍ ስለ አሟሟቱ ዝም ይላል፤ በወገኖቹ እጅ በድንጋይ ተወግሮ መሞቱን ግን ጥንታዊ ትውፊት ያስረዳል። ቤተ ክርስቲያናችን ግንቦት 5 ቀን ታስበዋለች።

ከሕይወቱ ምን እንማራለን?

በዓይን ሲታይ ኤርምያስ ያልተሳካለት ሰው ነው። አምስት ነገሥታት በዘመኑ አለፉ፤ ከኢዮስያስ በኋላ የነገሡት አልሰሙትም። ነገር ግን ዳንኤል በባቢሎን ሆኖ የኤርምያስን 70 ዓመት ከመጽሐፍ አነበበና ለጸሎት ተነሣ። በ539 ቅ.ል.ክ. ቂሮስ ባቢሎንን ይዞ ምርኮኞቹ እንዲመለሱ ባዘዘ ጊዜ መጽሐፈ ዕዝራ ይህ የሆነው በኤርምያስ አፍ የተነገረው እንዲፈጸም መሆኑን ገለጠ። ስለ አዲስ ኪዳን የተናገረውን ደግሞ ወደ ዕብራውያን የተጻፈው መልእክት በክርስቶስ እንደ ተፈጸመ ያስተምራል። ጌታችን ማን እንደ ሆነ ሰዎች ሲጠያየቁ ኤርምያስ ነው ያሉም ነበሩ።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገሮችን ብንይዝ ይበቃናል። አንደኛ፥ እውነተኛ መልእክተኛ ከተሰጠው አይጨምርም፤ አይቀንስም፤ ያልተሰጠውንም ከራሱ አይፈጥርም። በየዘመኑ በእግዚአብሔር ስም የሚናገሩ ብዙዎች ስለሚነሡ፥ ደስ ያሰኘንን ሁሉ ከመከተላችን በፊት የኤርምያስን ዝምታና አሥሩን ቀን እናስብ። ሁለተኛ፥ ክፉ ወሬ የሚናገር ሁሉ እውነተኛ አይደለም፤ ኤርምያስ የተናገረው ሕዝቡን እየወደደና እያለቀሰ ነው። ሰውን እያዋረድንና በውድቀቱ እየተደሰትን የምንናገረው እውነት የነቢያት መንገድ አይደለም። ሦስተኛ፥ ከእኛ ብዙዎቻችን እንደ ኤርምያስ አንጠራ ይሆናል። ነገር ግን ባሮክ ጽፏል፤ ኤልዓሣ ደብዳቤ አድርሷል፤ አኪቃም ከለላ ሆኗል፤ አቤሜሌክ እራፊ ፈልጓል። እነዚህ ሰዎች ባይኖሩ መጽሐፉ እጃችን እንዴት ይደርስ ነበር? ጽሕፈት የሚችል፥ መንገድ የሚሄድ፥ በሹም ፊት ስለ ተበደለ ሰው አንዲት ቃል መናገር የሚችል ሁሉ በዚህ አገልግሎት ቦታ አለው።

በሰሙነ ሕማማት በቤተ ክርስቲያናችን ከሚነበቡት የነቢያት መጻሕፍት አንዱ የኤርምያስ ነው። ንባቡን ስንሰማ እርሱ የተናገረውን ብቻ ሳይሆን ቃሉን ተሸክመው እዚህ ያደረሱትንም ሁሉ እናስብ። እኛም በተራችን የተቀበልነውን ሳንጨምርና ሳንቀንስ ለሚመጣው ትውልድ እንድናደርስ እግዚአብሔር ይርዳን። የነቢዩ የኤርምያስ በረከት ይደርብን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።